መኪናው ለምን ቆመ

ጋሼ እንድሪስ የሞቱ ቀን መብራት ቀኑን ሙሉ አልጠፋም። ነገሩ እስካሁን ያናድደኛል። እሳቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ፊልም እስኪያልቅ መታገሥ ያቃተው መብራት፣ እሳቸው ተገንዘው ሲወጡ ጠዋትም አለ፣ ከሰዓትም አለ። ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ጭማቂ ቤት ለሐዘኑ ብሎ ቴፑን ዘግቶ ነበር፤ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ግን እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማል።

የነገረችኝ እናቴ ናት። ማንጎዋን ልትዘረጋ በጠዋት ወደ አስፋልቱ ወርዳ፣ ሳጥኑን ሳትከፍት ተመልሳ መጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼሽ ዐረፉ» አለችኝ።

የትኛው ጋሼ ብዬ አልጠየቅኩም። በሸዋ ሮቢት ጋሼ የምላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የእኔ የሚባሉት ግን አንድ ነበሩ።

ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ አንድ የባጃጅ ሹፌር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ማን ይጨርስልናል?» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አፍሮ አቀረቀረ። የከተማችን ሰው ካልሆናችሁ ይሄ አነጋገር አይገባችሁም። እኔ የጀመርኩትን የምጨርስ ሰው አይደለሁም፤ እናቴ፣ መቀመጫሽ አይረጋም ትለኛለች። ይቺን ግን እስከ መጨረሻዋ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ እንድሪስ ጎሚስታ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አንድ ኒም ዛፍ ሥር ኮምፕረሰራቸውን ተክለው፣ ውሃ የሞላ ግማሽ በርሜል አስቀምጠው፣ የተነፈሰ ጎማ ሲጠግኑ ይውላሉ። ቤታቸው እዚያው ከኋላ ነው፤ ከዛፉ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ስለዚህ መኪና ዛፉ ሥር ሲቆም ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ወጥተው እንኳ ሳያዩ፣ ከጓሮ ሆነው «እንድሪስ፣ ጎማ ነው» ብለው ይጣራሉ። እሳቸውም ሰላት ላይ ካልሆኑ ይወጣሉ። እናቴ ከዛፉ ማዶ ማንጎና ፓፓያ ስለምትሸጥ፣ እኔ ያደግኩት ይሄን ጥሪ እየሰማሁ ነው ማለት ይቻላል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ነበሩ። መዳፋቸው ጥቁር ነው፤ በሳሙናም ይታጠቡት በቤንዚን አይለቅም። ወሬ ሊጀምሩ ሲሉ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ጭናቸው ላይ ይጠርጉና፣ ከዚያ ጎማ እንደሚያነሳ ሰው እጆቻቸውን ዘርግተው ከፍ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ አካባቢው ጸጥ ይላል። ከጅቡቲ የሚመጣው የተሳቢ ሹፌር፣ ከቀወት ማሾ አስጭኖ የመጣው ገበሬ፣ ጎማው እስኪጠገን ቆሞ እሳቸውን ነው የሚሰማው። እኔን «ቀዥቃዣዋ» ይሉኛል። «ነይ ቀዥቃዣዋ፣ ይቺን ያዢልኝ» ይሉና አንድ መፍቻ ያስጨብጡኛል። እጄ ሥራ ከያዘ እግሬ ይቆማል ብለው ያምኑ ነበር።

አሁን ወደ ፌስታሉ ልምጣ።

ሠርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ብሩክ የሚባል የከተማችን ልጅ አለ። እሱ ነው ጓደኞቹን አስተባብሮ፣ ያካባቢው ወጣቶች በራሳቸው አቅም የሠሩት ፊልም የሚታይበት ዝግጅት የጀመረው። ከደብረ ሲና፣ ከአጣዬ፣ ከከሚሴ፣ ካሜራ ተውሶ ፊልም የሠራ ሁሉ በጥር ወር ሲዲውን ይዞ ወደ እኛ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት ብሩክ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ፣ «የፊልም ፌስቲቫል፣ የፊልም ፌስቲቫል፣ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» እያለ ከተማውን ዞረ። በዛፉ ሥር ሲያልፍ ኮምፕረሰሩ እየጮኸ ነበር።

«የምን ፌስታል ነው የሚያድሉት?» አሉኝ ጋሼ እንድሪስ።

«ፌስቲቫል ነው ጋሼ። ፊልም።»

«ፊልሙን በፌስታል ነው የሚሰጡት?»

ለማስረዳት ትዕግሥት አልነበረኝም። «እንደዚያ በሉት» ብያቸው ሄድኩ። በማግሥቱ አዳራሹ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እትዬ ከድጃ፣ የገበያው ፌስታል ሁሉ ይቀደዳል፣ ጠንከር ያለ መርጠህ ተቀበል ብለው ልከዋቸዋል። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ፤ ግማሹ የገበያ ሰው የተሰለፈው ለፌስታል ነበር። ብሩክ በሩ ላይ ቆሞ ሊያለቅስ ደርሷል። ጋሼ እንድሪስ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው ጨለማውንና የተወጠረውን ነጭ አንሶላ አዩ።

«መቼስ መጥተናል» አሉና ገቡ። ሰዉም ተከትሏቸው ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሸዋ ሮቢት ፌስቲቫል የሚል ሰው የለም። «ዘንድሮ ፌስታሉ መቼ ነው?» ነው የሚባለው። ብሩክ ሲያርም ሲያርም ቆይቶ እሱም መጨረሻ ላይ ፌስታል ማለት ጀመረ።

አዳራሹ የቀበሌ ነው። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ይጋርዷቸዋል። ጥርም ቢሆን የእኛ አገር ሙቀት ሙቀት ነው፤ ሰው በካርቶን እያራገበ፣ ማንጎ እየላጠ፣ ልጅ እያጠባ ያያል። ፊልሞቹ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጥፎ ነበሩ። ድምፅና አፍ አይገጥምም። በአንዱ ፊልም ዝናብ የሚዘንበው በአትክልት ማጠጫ ነበር፤ ተዋናይዋ በስብሳ እያለቀሰች ከኋላዋ የቆመው አህያ ደረቅ ነው። በሌላው ደግሞ ሀብታሙ ሰውዬ አዲስ አበባ ካለው ቪላው ሲወጣ ከጀርባው የጣርማ በር ገደል ይታያል። ሰዉ ግን እንዴት ይደሰት እንደነበር። «እንዴ፣ ያ የእኛ በሬ ነው» ብሎ የሚነሳ አለ። መጥፎውን ሰው የሚጫወተውን ልጅ ሲወጣ ጠብቆ፣ «ምን አድርጋህ ነው የመታሃት?» ብሎ የሚይዝ አለ። እኔ ከቴሌቪዥን ይልቅ ይሄን እወድ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ያለው ሰው አያውቀኝም፤ እዚህ ግን ተዋናይዋ ጠዋት ከእናቴ ፓፓያ ስትገዛ አይቻታለሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አልቀመጥ ያልኩት ልጅ፣ በፌስታሉ ሰሞን ከጋሼ እንድሪስ አጠገብ አግዳሚው ላይ እንደተተከልኩ እውላለሁ። እሳቸው የአስርን ሰላት ሰግደው ይመጣሉ። መግሪብ ሲደርስ ብሩክ ፊልሙን ያቆመዋል፤ የሚሰግደው ይሰግዳል፣ የማይሰግደው ያየውን ይከራከርበታል።

መጀመሪያ የጨረሱት ፊልም ስለ አንድ ሽፍታ ነበር። ጊዜው መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ነው፤ ፈረቃውም ቢሆን ቃሉን አይጠብቅም። ሽፍታው ፍቅረኛውን አስከትሎ የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ፖሊሶች በሁለቱም በኩል ይዘጉበታል፤ ልክ ያን ጊዜ ድርግም። ሰዉ አጉረመረመ፣ ብሩክን ሰደበ፣ ከወንበሩ ግን አልተነሳም። በብርድ ልብሱ ቀዳዳ የሚገባው የቀን ብርሃን ፊቶቻችንን ያሳየናል። ጋሼ እንድሪስ ተነሡ፤ መዳፋቸውን ጠረጉ፤ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ዋሻው መሃል ላይ» አሉ፣ «የውሃ ማፍሰሻ አለ። በረዳትነቴ ዘመን እዚያ ጎማ ቀይሬያለሁ፣ አውቀዋለሁ።»

አውቀዋለሁ ያሉት እውነት ይሁን አይሁን እኔ እንጃ። ቀጠሉ። ልጅቷ ቀጭን ስለሆነች በማፍሰሻው ትወጣለች። ሽፍታው ትከሻው ሰፊ ነው፣ አይሆንለትም። ስለዚህ መሣሪያውን መሬት አስቀምጦ የፖሊሶቹን አለቃ ያናግራል፤ አለቃው የእናቱ አገር ሰው ሆኖ ይገኛል። ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ወደ አሊዩ አምባ ወርዶ ሱቅ ይከፍታል፣ ልጅቷን ያገባታል። አዳራሹ አጨበጨበ። መብራቱ መጣ። ብሩክ ፊልሙን ሲያስነሳው ሽፍታው ዋሻው አፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ወደቀ።

«ይሄማ ስህተት ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ሰውዬው ሱቅ ከፍቷል'ኮ።»

ሰዉ ሁሉ አጥፋው፣ አጥፋው አለ። ብሩክ አጠፋው። ፊልሙን የሠራው የደብረ ሲና ልጅ አኩርፎ ሲዲውን ይዞ ወጣ። በዓመቱ ግን የአዲሱን ፊልሙን መጨረሻ ከመቅረጹ በፊት ዛፉ ሥር መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ምን ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቃቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ የከተማው ሰው ፊልሞቹን የሚያስታውሳቸው በእሳቸው መጨረሻ ሆነ። መብራት ሳይጠፋ ያለቀ ፊልም እንደጎደለ ነገር ይቆጠር ጀመር።

አንድ ቀን እየጠገኑ ሳለ፣ «ጋሼ፣ የሚያወሩት'ኮ ውሸት ነው» አልኳቸው። እኔ እንዲህ ነኝ።

«ውሸትማ ነው። ፊልም አይደል?»

«ሰው ይሞታል።»

«ይሞታል። ሲሞት ማንም እኔን አይጠይቀኝም። እነዚህን ግን ጠይቀውኛል።» ከመነዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ በርሜሉ ውሃ ውስጥ አስጥመው አረፋ የሚወጣበትን እያዩ ነበር። «እኔ እጅ ላይ ሰው አይሞትም፣ ቀዥቃዣዋ። ሌላ ጋ ሄዶ ይሙት።»

ዘምዘም የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በትምህርት ከእኔ በአንድ ክፍል ትበልጣለች። የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ «አሊዩ አምባ አክስቴ ጋ ሠርግ አለ» ብላ ከቤት ወጣች። ሠርግ አልነበረም። ከሰፈር ልጆች ጋር ደላላ ተከትለው በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ወረዱ። ያን ጊዜ የእኛ ከተማ ሴት ልጅ ሁሉ ወይ ሄዳለች፣ ወይ ልትሄድ ነው፣ ወይ እንደ እኔ እሄዳለሁ እያለች እናቷን ታስፈራራለች። አንድ ቀን ዘምዘም ከየመን ደወለች። «ደህና ነኝ፣ ተሻግሬያለሁ፣ ሳዑዲ ስገባ እደውላለሁ» አለች። እትዬ ከድጃ ስልኩን ለጋሼ እስኪያቀብሉ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም።

ጋሼ እንድሪስ የሰሙት የልጃቸውን ድምፅ አይደለም ማለት ነው። የሰሙት «ደህና ናት» ያሉትን የእትዬ ከድጃን ድምፅ ነው።

ከጅቡቲ የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ ይጠይቁ ነበር። ሹፌር ምን ያውቃል? ባሕር አይሻገር። አንዳንዱ አዝኖላቸው፣ «ጋሼ፣ ብዙ ሰው በሰላም ገብቷል ይላሉ» ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻቸውን ከሚሄዱ ብዬ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ሰዎች ወደሚመዘገቡበት ቢሮ አብሬያቸው ሄድኩ። የተቀበለችን ሴት ክፉ አልነበረችም። ወንበር ሰጠቻቸው፣ ሰማቻቸው።

«በሕጋዊ መንገድ ካልሄደች፣ አባቴ፣ እኛ ጋ ስሟ የለም» አለቻቸው።

«እኔ ጋ አለ» አሉ። «ዘምዘም እንድሪስ።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ማድረግ የምንችለው ያ ብቻ ነበር፣ መተያየት። ሲወጡ በሩን ውስጥ የተኛ ሰው ያለ ይመስል ቀስ አድርገው ዘጉት። መንገድ ላይ እኔ ዝም ማለት ስለማልችል ስለ ማንጎ ዋጋ ቀባጠርኩ።

ከፌስታሉ ግን አልቀሩም። ሰዉ ያስጨርሳቸዋል፣ ይጨርሳሉ። ልዩነቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፤ መጨረሻዎቻቸው ሁሉ ቤት መግባት ሆኑ። ወታደሩ ቤቱ ይገባል፣ ነጋዴው ቤቱ ይገባል፣ ሌባውም የሰረቀውን መልሶ ቤቱ ይገባል።

ከዚያ የጀማል ፊልም መጣ። ጀማል የከሚሴ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም። ብሩክ ጠዋት ሲዲው ይሠራ እንደሆነ ሲሞክር ጥቂት አይቶት እየሮጠ ወደ እናቴ መደብ መጣ።

«ስለ አረብ አገር ነው» አለኝ። «አንዲት ልጅ ትሄዳለች። እናትየዋ ትጠብቃለች። ምን ላድርግ?»

«አታሳየው።»

«ልጁ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ መጥቷል።»

«እንግዲያው ለጋሼ ንገራቸው።»

«አንቺ ንገሪያቸው። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

መንገዱን ተሻገርኩ። ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም።

«ጋሼ፣ ዛሬ አይምጡ።»

«ለምን?»

«ፊልሙ ስለ አረብ አገር ነው።»

የያዙትን መፍቻ አላስቀመጡም። የጎማውን ብሎን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አዞሩ። «ፌስታሉን እኔ ካልያዝኩላችሁ ማን ይይዝላችኋል?» አሉ። ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልሆነም። አስር ሰግደው መጡ፣ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ፊልሙ ጥሩ ነበር። ክፋቱም ይሄ ነው። ድምፁ ከአፍ ይገጥማል። እናትየዋን የምትጫወተው የጀማል የገዛ አክስት ናት፤ ትወና ስለማታውቅ ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው። ልጅቷ ትሄዳለች። ስልክ ይመጣል፣ ከዚያ ይቀራል። እናትየዋ ማሽላ ታበጥራለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ደግሞ ትቀመጣለች። ሰዉ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ማራገቡን ተወ። ከጎኔ የጋሼ እንድሪስ ትንፋሽ ይሰማኛል። ወደ መጨረሻው ስንደርስ እናትየዋ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣለች። ከአጥሩ ውጪ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ይቀርባል። ይቆማል። እናትየዋ ቀና አለች፣ ጭኗን ተደግፋ ተነሳች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ መቀርቀሪያውን ያዘች።

መብራት ጠፋ።

በሌላ ቀን ቢሆን «ጋሼ፣ ጨርሱልን» የሚለው ጩኸት ወዲያው ነው። ያን ቀን ማንም ትንፍሽ አላለም። ልጅ ሊያወራ ሲል እናቱ አፉን ትይዘዋለች። ብሩክ ማሽኑ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። መብራቱ ይምጣ አልኩ በሆዴ፤ ወዲያው ደግሞ አይምጣ አልኩ። ከፊት በኩል ከቀወት ለገበያ የወረዱ፣ ምንም የማያውቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ።

«ያ የሚጨርሰው ሰውዬ ዛሬ የለም እንዴ?» አሉ።

የጋሼን እጅ ያዝኩ። «ይተዉት ጋሼ።»

«ልቀቂኝ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ተነሡ። መዳፎቻቸውን ጭናቸው ላይ ጠረጉ። እጃቸው ግን ወደ ላይ አልወጣም፤ እዚያው ጭናቸው ላይ ቀረ።

«መኪናው ቆመ» አሉ።

ጠበቅን።

«ሴትዮዋ መቀርቀሪያውን ይዛለች። መቀርቀሪያው ዝጓል። በሙቀት ጊዜ ብረት ይለጠጣል፣ እንቢ ይላል። በሩ ደግሞ ከታች መሬት ይነካል፤ ወደ ላይ አንስተው ካልገፉት አይከፈትም።»

ስለ በሩ ነገሩን። ማጠፊያው እንዴት እንደላላ፣ ቆርቆሮው የቱ ጋ እንደተቀደደ፣ በቀዳዳው የምትገባው ዶሮ የማን እንደሆነች። እኔ በሩን አውቀዋለሁ፤ የራሳቸው ቤት በር ነው። ሁሉንም ነገሩን፣ በሩን ግን አይከፍቱትም። ነገሩ ለሁሉም ገብቶታል። ክፈቱት ጋሼ፣ እላለሁ በሆዴ፣ እንደ ሌሎቹ አስገቧት፣ ውሸት ነው አልልም። ቢፈልጉ ይችሉ ነበር። ከተከበበ ዋሻ ሽፍታ ያወጡ ሰው ናቸው።



«ከፈተችው» አሉ። «መኪናው አይሱዙ ነው። ሹፌሩ ወርዶ የኋላውን ጎማ በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። የቆመው ጎማ ተንፍሶበት ነው።»

ቀጠሉ።

«እናቴ፣ ውሃ አለሽ? አላት። አለኝ አለችው፣ ሰጠችው። ጎማውን ቀየረ፣ ሄደ።»

«ሴትዮዋስ?» አሉ አሮጊቷ።

«ሴትዮዋ» አሉ ጋሼ እንድሪስ፣ «ተመልሳ ተቀመጠች።»

እሳቸውም ተቀመጡ።

የሚያጨበጭብ አልነበረም። ሰዉ በየተራ እየተነሳ፣ አንዳንዱ ሲያልፍ ትከሻቸውን ነካ እያደረገ ወጣ። መብራቱ የመጣው አዳራሹ ባዶ ከቀረ በኋላ ነው። ጀማል ሲዲውን አውጥቶ በፌስታል ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ልጅ አላቸው እንዴ?» አለኝ።

«አለቻቸው።»

«አላወቅኩም።» ፌስታሉን እጁ ላይ አንድ ዙር ጠመጠመው።

«ያንተ እንዴት ነው የሚያልቀው?» አልኩት። አላስችል አለኝ።

«ሻንጣዋን ነው የሚያመጡት» አለ። «ሻንጣዋን ብቻ።»

ብሩክ በማግሥቱ ደግመህ አሳየው ብሎት ነበር፤ አልፈለገም፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያን ፊልም በሸዋ ሮቢት እስከ መጨረሻው ያየው የለም። ከተማችን የሚያውቀው መኪናው ጎማ ተንፍሶበት መቆሙን ነው።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። በነጋታው ዛፉ ሥር ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ለምን አላስገቧትም? ሰዉ ያምንዎት ነበር።»

«ሰዉ ያምን ነበር» አሉ። «እኔ ቤቴ ስገባ ግን ከድጃ አለች። አስገባኋት ብላት፣ ታዲያ የት አለች ትለኛለች።» ኮምፕረሰሩን አጠፉት። «በዚያኛው በኩል ደግሞ እኔ እጅ ላይ ሰው አይሞትም ብያለሁ። ታዲያ ምን ቀረኝ? ጎማ ነው የቀረኝ።»

  ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴን እሄዳለሁ እያልኩ ማስፈራራቴን ተውኩ።

ከዚያ በኋላም ፌስታሉ ትንሽ ቀጥሏል፣ ግን ሳሳ። ሰዉ ፊልም በስልኩ ማየት ለመደ፣ ብሩክም ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባ። ጋሼ እንድሪስን ስኳር ያዛቸው። እግራቸው ቆሰለ፣ ቁስሉ አልድን አለ፣ ቆመው መሥራት ተዉ። ኮምፕረሰሩ ዛፉ ሥር እንደተሸፈነ ተቀመጠ፤ የማያውቅ ሹፌር እየቆመ ጥሩምባ ይነፋል። እኔ ለበሽታው የማደርገው ነገር ስላልነበረኝ የማደርገው ስልካቸውን ቻርጅ ማድረግ ነበር። ዘምዘም የምታውቀው ያንን ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ስልኩ መዘጋት የለበትም። መብራት ሲጠፋ ስልኩን ይዤ ጄኔሬተር ወዳለው ጭማቂ ቤት እሮጣለሁ። እዚያ ቁጭ ብዬ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ስመለስ፣ «ምን አለ?» ይሉኛል። «ሞልቷል» እላቸዋለሁ። «አልሀምዱሊላህ» ይላሉ፣ ትራሳቸው ሥር ያደርጉታል።

የሞቱ ቀን መብራት ቀኑን ሙሉ ነበረ አላልኳችሁም? ስልኩ ሙሉ ነበር። ትራሱ ሥር ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እኛ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ እትዬ ከድጃን ከብበን ተቀምጠናል። ወሬውም ለቅሶውም ደክሞ ጋብ ብሏል። ከአጥሩ ውጪ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ቀረበ። ዛፉ ሥር ሲደርስ ቆመ።

 እትዬ ከድጃ ቀና አሉ። አፋቸው ሊጣራ ተከፈተ፣ ከዚያ የሚጣሩት ሰው እንደሌለ ትዝ አላቸው መሰለኝ ተዘጋ። ጭናቸውን ተደግፈው ግማሽ ድረስ ተነሡ። ቀድሜ ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ። መቀርቀሪያውን ሳብኩ፣ እንቢ አለኝ። በሩን ወደ ላይ አንስቼ ገፋሁት።

አይሱዙ ነው። ሹፌሩ ወርዶ የኋላውን ጎማ ያያል።

«ጎሚስታው የሉም?» አለኝ።

«ሞተዋል።»

ወደ ድንኳኑ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ። «አላህ ይዘንላቸው» አለ። ሌላ ጎሚስታ የት እንዳለ አሳየሁት። መኪናው በተነፈሰ ጎማው እየተንገዳገደ ሄደ። መንገዱ ባዶ እስኪሆን ቆሜ አየሁ፤ ምን እንደምጠብቅ እኔ እንጃ።

ስመለስ እትዬ ከድጃ እንደዚያው ናቸው፣ አልተነሡም አልተቀመጡም፤ አንድ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ።

«ማነው?» አሉኝ።

 

«ጎማ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

ተመልሰው ተቀመጡ።